የኑርያ መደርደሪያ

ሀጅራ አርብ ጠዋት የእህቷን ትሪ ልትመልስ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስትወጣ በሆዷ ምንም ክፉ ነገር አልነበረም። ትሪውን አጥባ፣ አድርቃ፣ ባዶውን ከሚመለስ ብላ ጥቂት ቴምር ጣል አድርጋበት ነው የወጣችው። በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባችና እዚያው ክው ብላ ቀረች። ከኑርያ አልጋ በላይ፣ እስከ ትናንት ባዶ በነበረው ግድግዳ ላይ፣ ባለ ሁለት ደረጃ መደርደሪያ ተሰቅሏል። እንጨቱ ከዕቃ ማሸጊያ ሳጥን የተፈታ ነው፤ ግን ማን ብሎት! ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ለስልሷል፣ ቡናማ ቀለም ተቀብቷል፣ ከስሩ የኩባያ መስቀያ መንጠቆ ተደርድሮለታል። ሠሪው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። በዚያ በሪያድ ጉበይራ ሰፈር ባለ ቤት ውስጥ ማንም ለማያየው የእንጨት ጠርዝ እንዲህ የሚጨነቅ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱም የገዛ ባሏ ሙሀባው ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ሀጅራ ከባሏ መደርደሪያ የጠየቀችው ካለፈው ዐረፋ ጀምሮ ነው። ክፍላቸው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አልጋ፣ አንዲት ፍሪጅ፣ ወንበር ሆና የማታውቅ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር። ወንበሯ ስኳር፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ የፀጉር ቅባትና የስልክ ቻርጀር ተሸክማ ነው የምትኖረው። በሩ ካልተነሳ አይዘጋም፤ የጋራ መታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ከክፍላቸው ግድግዳ ጀርባ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ያድራል። ሙሀባው ደግሞ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ እጁ ያልነካው የእጅ ሥራ የለም። የምድር ቤት ጎረቤታቸውን የእትዬ ሰዒዳን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፈቶ የገጠመ፣ የጎረቤቱን የመናዊ ማራገቢያ ከቆሻሻ መጣያ አንስቶ ያስነሳ፣ ለሁለተኛ ፎቅ ልጆች የጫማ ማስቀመጫ የሠራ እሱ ነው። የሰው ቤት ሲሆን እጁ ወርቅ ነው። የራሱ ቤት ሲሆን «ኢንሻአላህ» ይላል፤ ኢንሻአላሁም እስካሁን አንድ ሚስማር አልመታም።

«መቼ ነው ይኼ?» አለች ሀጅራ፣ ትሪውን ሳታስቀምጥ።

«ትናንት። አንቺ ሥራ ሄደሽ ሳለ መጥቶ ሰቀለው» አለች ኑርያ። ፀጉሯን እያበጠረች ነበር፤ ማበጠሪያው መሀል መንገድ ላይ ቆመ። «ታምራለች አይደል፣ እታለም?»

ታምራለች። ምን ሆና አታምር! የታችኛው ደረጃ የኑርያ ሽቶ፣ የኑርያ መስታወት፣ የኑርያ ብርጭቆዎች ተደርድረውበታል። የላይኛው ባዶ ነው። «ይኼስ ለምን ባዶ ሆነ?» ብላ ጠየቀች ሀጅራ፣ ሌላ የምትለው ስላጣች። ኑርያ ዓይኗን ከእህቷ ፊት አሸሸች። «የሚቀመጥበት ዕቃ ይመጣል» አለች ቀስ ብላ። ከወዲያ ማዶ ያለው አልጋም ባዶ ነው፤ አብራት ትኖር የነበረችው ልጅ የሳዑዲ መንግሥት የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሁሉ ቅጣት ሳይከፍል አገሩ ይግባ ብሎ ምህረት ካወጀ ወዲህ ጠቅልላ ሄዳለች። ምህረቱ ገና ለአንድ ወር ተራዝሞ ሰው በየቀኑ ሻንጣውን እየጎተተ የሚወርድበት ሰሞን ነው። ባዶ አልጋ፣ አዲስ መደርደሪያ፣ ዓይን ማሸሽ። ሀጅራ ትሪውን አልጋው ላይ ጣለችውና ቴምሩ ተበተነ፤ ልታነሳውም አልጎነበሰችም።

ደረጃውን ስትወርድ ቅናት ያዛት። አይታ ያለፈችው ሁሉ አንድ በአንድ ይመለስባት ጀመር። ባለፈው ሳምንት የኑርያን ማራገቢያ ዘይት ልቀባላት ብሎ ወጥቶ እራት እስኪበርድ ቆየ። ከዚያ በፊት ከሥራ ስትገባ ሁለቱ ደረጃው ላይ ቆመው ሲያወሩ ደረሰችና ወሬው ቁርጥ አለ፤ «ስለ ሙቀቱ ነው» አለች ኑርያ፣ ማንም ሳይጠይቃት። በሪያድ ሐምሌ ስለ ሙቀት ተደብቆ የሚያወራ ሰው አለ? ኑርያን ያሳደገቻት እሷ ናት። እዚህ ያስመጣቻት፣ ሥራ ያስገባቻት፣ ስትታመም ያስታመመቻት እሷ ናት። ኑርያ ግን ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ በረዶ ነው፣ በማይረባው ሁሉ ትስቃለች፤ ሀጅራ የሰው ቤት ወለል ስትፈገፍግ ውላ ስትመለስ ለመሳቅ እንኳን አቅም የላትም። የሴት ልጅ ሆድ ይህን ሁሉ አስልቶ ለመጨረስ ሁለት ፎቅ ደረጃ ይበቃዋል።

ሙሀባው ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ለጁምዓ ሲዘጋጅ አገኘችው። ከስግደት በኋላ ባጥሐ ገበያ ብቅ እንደሚል፣ ትንሽ የሚገዛት ነገር እንዳለች ነገራት። ድሮ ወረቀት ስለሌለው ፖሊስ ይይዘኛል ብሎ ባጥሐን በሩቁ የሚፈራ ሰው፣ ምህረቱ ከወጣ ወዲህ ልቡ ተከፍቶ አርብ አርብ እዚያው ነው የሚውለው። ምን እንደሚገዛ አልጠየቀችውም። «መደርደሪያዬስ?» ብቻ አለችው።

«ኢንሻአላህ።»

«መቼ?»

«አንቺ ደሞ! ለዚች ክፍል ምን ያደርግልሻል?» አለና ጫማውን ተጫምቶ፣ በሩን አንስቶ ዘጋና ወጣ።

ለዚች ክፍል ምን ያደርግልሻል! ሀጅራ ቃሉን አፏ ውስጥ አገላብጣ ቀመሰችው፤ መራራ ነው። ያቺኛዋ ክፍል ይገባታል፣ ይቺ አይገባትም ማለት ነው። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች፣ ቀጥላም ተናደደች፣ ከንዴቱም የማታውቀው ጉልበት አገኘች። ተነስታ የመሣሪያ ቦርሳውን ከፍሪጁ ጀርባ ጎተተች። ድሪሉ አለ፣ መዶሻው አለ፣ ፊሸርና ብሎን በአሮጌ የወተት ቆርቆሮ ሞልቷል። ደረጃው ስር ከኑርያ መደርደሪያ የተረፈ አንድ ሳንቃ ተደግፎ ነበር፤ እሱንም አመጣች። ጠርዙ ያልታሸ ነውና መዳፏን ቧጠጣት። ሲመለስ ከአልጋው ትይዩ ተሰቅሎ ያገኘዋል። አንድ ቃል አትናገረውም። ሽሮዋን ትሠራለች፣ ስኳሩን ከመደርደሪያዋ ላይ ታነሳለች፣ ዝም ትላለች። ከዚያ ይግባው አይግባው ያያል።

ድሪል ይዛ አታውቅም፤ ሙሀባው ሲይዝ ግን ስንት ጊዜ አይታለች። ፕሪዛው ላይ ሰካች፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ ቢስሚላህ ብላ ተጫነችው። ድሪሉ አገሳ፣ አቧራው ፊቷ ላይ ቦነነ፣ ግድግዳው እንደ ቂጣ ተበሳ። ብሎኑን የሚይዘውን የፕላስቲክ ፊሸር ቀዳዳው ላይ አድርጋ በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታችው፣ ገባ። ሀጅራ ሳቀች። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ! ወንዶች የሚኮሩበት ነገር ይኼው ነው? ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ የለመነችው? ሁለተኛውን ቀዳዳ የሳንቃዋን ርዝመት በክንዷ ለክታ፣ ከመጀመሪያው ትይዩ፣ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በሚጠጋው በኩል አደረገችው። ሙሀባው ግድግዳ ከመብሳቱ በፊት ሁልጊዜ ወደ ማዶ ዞሮ ቧንቧው ከየት እንደሚወርድ፣ ሰኻኑ፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያው፣ በየት በኩል እንደተሰቀለ አይቶ፣ በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ነው የሚጀምረው። እሷ ያንን ኳኳታ ጉራ ይመስላት ነበር።

ድሪሉ መጀመሪያ እንደ ቅድሙ ገባ፣ ቀጥሎ አንድ ለስላሳ ነገር ነካ። ስትነቅለው ውሃ ተከትሎት ወጣ። እንደ ጣት የወፈረ ውሃ፣ በቀጥታ ደረቷ ላይ። ያውም ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር በፀሐይ ሲንተከተክ የዋለ ውሃ ነው። በሙቀቱ ወራት በዚያ ከተማ ቀዝቃዛ የሚባለው ቧንቧ ሰው ይልጣል፤ ስለዚህ የቤቱ ሰው በሙሉ ማሞቂያውን አጥፍቶ በጥላ የዋለውን የሱን ውሃ ነው የሚታጠበው። ሀጅራ የበሳችው ከጣሪያ ወደ ማሞቂያው የሚወርደውን ቧንቧ ነበር። ጮኸች፣ ድሪሉን ከፕሪዛው ነቀለች፣ ሻሿን አውልቃ ቀዳዳው ላይ ጠቀጠቀች፤ ሻሹ ተመልሶ ወጣ። በመዳፏ ያዘችው፤ አቃጠላት። ወለሉ ሞላ። ውሃው የፕላስቲክ ወንበሯን እግር አልፎ ወደ አልጋው ስር ሲያመራ አየችና ቀዳዳውን ትታ ዕቃ ለማዳን ተንበረከከች።

የራሷን ሻንጣ ጎተተች፤ ቀላል ናት፣ ወጣች። ከበስተኋላው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ሌላ ነበር። ጎተተችው፤ እንቢ አላት። በሁለት እጇ፣ በእግሯ ግድግዳውን ረግጣ ሳበችው። የሙሀባው ሻንጣ ነው፤ ግን የምታውቀው የሙሀባው ሻንጣ አይደለም። ሊፈነዳ ተወጥሯል፣ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠምጥሟል፣ በገመድ ታስሯል፣ በላዩ በወፍራም ጥቁር ማርከር ስሙና የእናቱ የከሚሴ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። በዚያ ሰፈር እንዲህ የታሰረ ሻንጣ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። የሽንኩርቱን ቢላዋ አነሳችና ፕላስተሩን ቀደደችው። ለእናቱ ነጠላ፣ ለወንድሙ ሰዓት፣ የልብስ ሳሙና፣ ሁለት ብርድ ልብስ። ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ በፎጣ የተጠቀለለ የልጅ ጫማ፤ ቀይ፣ ከፊቱ ላይ አበባ ያለው። የሷ የሆነ አንድ ክር እንኳን የለም።

ውሃው በድንገት ቆመ። ኑርያ ጩኸቱን ሰምታ ጣሪያ ላይ ወጥታ የታንከሩን ቫልቭ ዘግታ ኖሮ፣ እያለከለከች በሩ ላይ ደረሰች። እህቷን እርጥብ ወለል ላይ ከተከፈተ ሻንጣ ፊት ተቀምጣ ስታያት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አልደነገጠችም፤ አፈረች። ሀጅራ ሁለቱን መለየት ታውቅበታለች፣ ያሳደገቻት ልጅ ናት።

«ታውቂ ነበር» አለቻት።

«እሱ ራሱ ይንገራት ብዬ ነው፣ እታለም። ወላሂ በየቀኑ ንገራት እለዋለሁ።»

«መቼ ነው?»

«ማክሰኞ። ኸሩጁ ወጥቶለታል፣ የመውጫው ወረቀት። አንቺ ታለቅሻለሽ ብሎ ፈርቶ...» ኑርያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የላይኛው መደርደሪያ ያንቺ ነው። አልጋውም። ብቻዋን እንዳትሆን፣ አንቺ ጋ ትግባ፣ ይቺ ክፍል ትለቀቅ አለኝ።»

ሀጅራ ከጠዋት ጀምሮ የቀናችበት መደርደሪያ የሷው ኖሯል። ሌላ ሴት ብትሆን በዚህች ሰዓት እህቷን አቅፋ ይቅርታ ትጠይቅ ይሆናል። ሀጅራ ግን ቀዩን ጫማ አንስታ ሶሉን በአውራ ጣቷ ለካችው። «የልጄን እግር ልክ ማን ነገረው?» አለች። «ማን ነገረው ነው የምልሽ!»

«እኔ። በቪዲዮ ደውዬ፣ ሚስኪ፣ እግርሽን አሳዪኝ ብያት... ወረቀት ላይ አያትየው ለኩልን።»

ለኩልን! ልጇን ጥላት ወደ ሪያድ ስትመጣ ሚስኪ ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ አሁን ስድስት ሊሞላት ነው። እናቷ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ «እሺ» «አዎ» ብላ ትሮጣለች። ለአክስቷ ግን እግሯን አንስታ አሳየች። ሀጅራ ጫማውን ሻንጣው ውስጥ መለሰችና ፎጣውን እንደነበረው ጠቀለለችበት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እህትማማቾች ውሃውን በመጥረጊያ ወደ በሩ እየገፉ፣ በባልዲ እየቀዱ ወለሉን አደረቁ። ደረጃው ላይ ሰው መንጫጫት ጀምሯል። ውሃ የለም! ታንከሩን ማነው የዘጋው? እትዬ ሰዒዳ ከታች የልጅ ልጃቸውን ሳሙና ቀብተው እንደያዙ ይጮኻሉ።

ሙሀባው ባጥሐ የገዛውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን አየ፣ ቀጥሎ ድሪሉን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን፣ በመጨረሻ ሚስቱን። ፌስታሉን የሚያስቀምጥበት ደረቅ ቦታ ፈልጎ አጣና ለኑርያ አስያዛት። ጀለቢያውን አውልቆ ሰቀለ፣ በካናቴራ ተንበረከከ፣ መሮና መዶሻውን ይዞ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ልስን ይፈለፍል ገባ። የሚያውቀው መልስ ያ ብቻ ነበር። ቧንቧው እስኪታይ ፈለፈለ፣ የተበሳውን ቆርጦ አወጣ፣ ከቦርሳው ማገናኛ ፈልጎ ልኩን ሞከረ። ሀጅራ አልጋው ላይ ሆና ጀርባውን ታያለች። ይህን ጀርባ ማክሰኞ ማታ ሌላ ሰው ያየዋል። ሚስኪ ትጋልብበታለች።

«አንዳችን መግባት አለብን» አለ ሙሀባው ለግድግዳው። «ልጅቱ በኛ ሳቢያ አባትም እናትም የላትም። ምህረቱ ካለፈ መንገድ ላይ ይይዙኛል፣ ተርሒል እስር ቤት አጉረው ባዶ እጄን ነው የሚመልሱኝ። አንቺ የሰው ቤት ውስጥ ነሽ፣ ማንም አያይሽም። ሥራም ቢሆን ለሴት አለ። አስቤበት ነው።»

«አንዳችን» አለች ሀጅራ። «ያ አንዱ አንተ መሆንህን ማን ወሰነ?»

መዶሻው ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ጀመረ። ሀጅራ በዚያች ሰዓት ቅናቷ ከኑርያ ላይ ተነስቶ የት እንደሄደ አወቀች። በባሏ ቀናች። ያቺን ልጅ ጠዋት ፊቷን ስለሚያጥባት፣ በትኩሳቷ ሌሊት ግንባሯን ስለሚዳስስ፣ ጫማውን በገዛ እጁ ስለሚያጠልቅላት ቀናችበት። እሷ የላይኛውን መደርደሪያ ታገኛለች፤ እሱ ልጃቸውን። እንዲህ ዓይነት ክፍፍል ነው በጀርባዋ የተቆረሰው። ከእህቷ ጋር ተኝቶ ቢሆን ኖሮ እንኳን እንዲህ የሚያማት አልመሰላትም፤ ይህን በማሰቧ ደግሞ በራሷ ደነገጠች።

«አለቀ» አለ ሙሀባው፣ ማገናኛውን በሁለት እጁ ጨምቆ እንደያዘ። «አንድ ሰው ወጥቶ ይክፈተው። ቀስ ብሎ። ያፈስ እንደሆን ይዤ ልየው።» ኑርያ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አለች ሀጅራ። «እኔ እወጣለሁ።»

ጣሪያው ላይ ፀሐዩ ልብ ያጠፋል። ታንከሩ፣ የዲሽ ሳህኖች፣ የተሰጡ አንሶላዎች። በቤቱ መሀል ከጣሪያ እስከ ምድር የሚወርድ ጠባብ የአየር ጉድጓድ አለ፤ የሁሉም መታጠቢያ ቤት መስኮት የሚከፈተው ወደዚያ ነው፣ በዚያ ቤት ምስጢር የማይኖረውም በሱ ምክንያት ነው። ሀጅራ በቀሚሷ ጫፍ የጋለውን ቫልቭ ያዘችና ቆመች።

«ያላ፣ ክፈቺው!» የሙሀባው ድምፅ በጉድጓዱ በኩል ወጣ።

አልከፈተችውም።

«ሀጅራ! እጄ ደከመኮ፣ ክፈቺው!»

«ማክሰኞ አልሄድም በል!» ብላ ወደ ጉድጓዱ ጮኸች። ድምፅዋ እየወረደ በየመስኮቱ ገባ። «ለሷም ወረቀት አስወጥቼ አብረን ነው የምንገባው በል!»

«ምን ሆነሻል? ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! ሁሉንም በየቤቱ ስትጠግንላቸው ኖረህ የለ? ይስሙ!»

«አንቺ ልጅ፣ ዓይኑ ውስጥ ሳሙና ገብቶበታል፣ በአላህ ይሁንብሽ!» አሉ እትዬ ሰዒዳ ከታች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ዝም በል አለው። የሙሀባው ድምፅ ተመልሶ ወጣ፤ አሁን ቁጣ የለበትም፣ ደክሟል።

«ሁለታችንም ከገባን ማን ገንዘብ ይልካል፣ ሀጅራ? ማን ይሠራል?»

ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት ውስጥ ትራሱ ስር አድርጎ የማይተኛ ሰው የለም። ስለ ውሃው የሚጮህ ጠፋ። ልጁ ብቻ ከታች ይነጫነጫል።

«አላውቅም!» አለች ሀጅራ። እንባዋ መጣ፣ ድምፅዋን ግን አልያዘውም። «እንዴት ላውቅ? ሳትጠይቀኝ! ተቀምጠን አብረን እናስበዋለን። በር ተዘግቶብኝ አንተና ኑርያ የምትወስኑት አይደለም!»

«መልስላት እንጂ፣ ሙሀባው!» አሉ እትዬ ሰዒዳ፣ አሁን ስለ ሳሙናው አይደለም።

ሙሀባው በጣም ቀስ ብሎ፣ «እሺ» አለ። «ማክሰኞ አልሄድም። ወረቀትሽ ይውጣ። አብረን።»

«ወላሂ በል!»

«ወላሂ!»

ሀጅራ አላመነችውም። ስድስት ዓመት ኢንሻአላህ ሲላት የኖረ ሰው በአንዲት ወላሂ አይለወጥም፤ ይህን ታውቃለች። ግን ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰው በሙሉ ሰምቷል። ማክሰኞ ጠዋት በዚያ ደረጃ ሻንጣ ይዞ የሚወርድ ሰው ደግሞ በእትዬ ሰዒዳ በር ሳያልፍ ወደ መንገድ አይወጣም። ቫልቩን ከፈተችው።